ቦስተን በዓድዋ ሰሞን፦ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

የካቲት 23 (ማርች 2)

ዛሬ ዓድዋ ነው። በማለዳ ከዋሽንግተን ዲሲ የተነሣው ባቡር ገና ባልቲሞር ሳይደርስ ስልኬ "እንኳን አደረሰህ" በሚል መልእክት ተሞላ። እኔም እየመለስኩ፣ በመስኮቱ የሚያልፈውን ቅጠል የለሽ ዛፍ እያየሁ፣ አያቴን አስታወስኩ። አያቴ ስለ ዓድዋ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመቀሌ ነበር። እንዳየሱስ ላይ ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ መሽጎ፣ እቴጌ ጣይቱ "ምንጩን ያዙበት" ብለው መክረው፣ ውኃው ተይዞ፣ ጠላት በጥም ተቃጥሎ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ያለውን ሁሉ ይተርክልን ነበር። አንድ ቀን "ምሽጉ ውስጥ ያሉት በቅሎዎችስ ምን ጠጡ?" ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ያ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር አደገ። ስለ ከበባ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው፤ በር ተዘግቶበት ወደቀረው ሰው።

ቦስተንን ለማየት የፈለግሁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1776 ሌሊት የጆርጅ ዋሽንግተን መድፎች ቦስተን ላይ መተኮስ ጀመሩ። ከተማዋን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ሲሆን፣ ከኤፕሪል 1775 ጀምሮ በአሜሪካ አማፅያን ከበባ ውስጥ ነበረች፤ በዚያው በማርች ወር ነጻ ወጣች። (ከመቀሌ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚማሩትን ታሪክ በእግሬ ሄጄ ሳላየው መቅረቴ ሲቆጨኝ ኖሯል።

ሳውዝ ስቴሽን የእህቴ ልጅ ጠበቀችኝ። እዚያው ቦስተን የምትማር ልጅ ናት፤ የምትኖረው ሮክስበሪ ነው። ሻንጣዬን ነጥቃ ይዛ "አጎቴ፣ አሁን የቆምክበት ቦታ ያኔ ባሕር ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። የዛሬዋን ቦስተን አይቶ የያኔዋን ማሰብ አይቻልም። ያኔ ከተማዋ ባሕር ውስጥ የገባች ትንሽ መሬት ነበረች፤ ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኛት አንድ ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነው። "አንገት" ይሉት ነበር። ዛሬ ቤት፣ መንገድና ጣቢያ የሞላበት ብዙው ቦታ ከዚያ በኋላ ባሕሩ በአፈር ተደፍኖ የተገኘ ነው። ከበባውን ለመረዳት መጀመሪያ ያንን አፈር ሁሉ በሐሳብ መልሶ ማንሣት ያስፈልጋል።

ማታ ክትፎና አይብ አቅርባ፣ ለዓድዋ ብላ ሻማ አብርታ ጠበቀችኝ። በዚያች ሌሊት ከተኮሱት መድፎች አንዱ ክፍል የነበረው እዚሁ ሮክስበሪ፣ ላምብስ ዳም በሚባለው ቦታ ነበር። ሌሎቹ ካምብሪጅ በኩል ሌችሚር ፖይንት ላይና ኮብል ሂል ላይ ነበሩ። ሦስት ሌሊት ተኮሱ። የተኩሱ ዋና ዓላማ ግን ከተማዋን ማፍረስ አልነበረም፤ ለሌላ ሥራ ድምፅ መሸፈኛ ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

የካቲት 24 (ማርች 3)

ከኑቢያን ስኩዌር ተነሥተን በዋሽንግተን ጎዳና ወደ መሃል ከተማ በእግር ወረድን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ያ "አንገት" የሚባለው መሬት ራሱ ይህ ጎዳና ነው። ኢስት በርክሊ መንገድ አካባቢ ስንደርስ ቆምን። መሬቱ በጣም የሚጠብበት ቦታ እዚህ ነበር፤ ባሕሩ ሲሞላ ስፋቱ ወደ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እንግሊዞች በርና ምሽግ የሠሩበትም እዚሁ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ፎቅ፣ ቡና ቤት፣ የአውቶቡስ ፌርማታ። ባሕሩ የለም።

ነገሩ የጀመረው ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ነው። የንጉሡ ወታደሮች የተደበቀ መሣሪያ ሊይዙ ወጥተው እየተተኮሰባቸው ተመለሱ፤ ከየመንደሩ የተጠራራው ገበሬ ተከትሏቸው መጣና ከተማዋን ዙሪያዋን ያዘ። በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሆነ። ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ መውጣት ፈለገ። የእንግሊዙ ጄኔራል ቶማስ ጌጅ "መሣሪያችሁን አስረክቡና ውጡ" አለ። ሕዝቡም ነፍጡን እየተሸከመ ፋኒል ሆል አስገባ፦ 1,778 ጠመንጃ፣ 634 ሽጉጥ፣ 973 ሳንጃ፣ 38 አፈ ሰፊ ጠመንጃ። ቁጥሩን ሳነብ ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ ከግድግዳ ላይ አውርዶ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ለጠላት የሚያስረክብ አባወራ ታየኝ። ለአገሬ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። መሣሪያው ከገባ በኋላ ግን የመውጫው ፈቃድ እየጠበበ መጣ። ለንጉሡ ያደሩት ሰዎች "እነዚህ ከወጡ ከበባ ያደረጉት ከተማዋን ያቃጥሏታል" ብለው ስለ ፈሩ፣ ሕዝቡ ለራሳቸው መከለያ እንዲሆን ፈለጉ። የወጣው ወጣ፤ ንብረቱን ግን ትቶ ነው።

ኤሴክስ መንገድ ጥግ ላይ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ዛፍ አለ። የነጻነት ዛፍ የሚባለው፣ ሕዝቡ ከጦርነቱ በፊት ለተቃውሞ የሚሰበሰብበት ትልቅ የኤልም ዛፍ የነበረው እዚህ ነው። በኦገስት 1775 ለንጉሡ ያደሩት ቆረጡት። 14 ትልልቅ ክምር ማገዶ ወጣው ተብሎ ተመዝግቧል።

ማገዶ! ክረምቱ ሲገባ የከተማዋ ትልቁ ነገር እሱ ሆነ። ኦልድ ሳውዝ ወደሚባለው የጸሎት ቤት ስንገባ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የቀይ ጡብ ቤት ነው፤ የተሠራው በ1729 ነው። በዲሴምበር 1773 ሕዝቡ ቀረጥ ተቃውሞ ከመርከብ ላይ ሻይ ወደ ባሕር ከመድፋቱ በፊት 5,000 ያህል ሰው የተሰበሰበው እዚህ ነበር። እንግሊዞች ይህን አልረሱም። በከበባው ወቅት አግዳሚ ወንበሮቹን ነቅለው፣ ወለሉ ላይ አፈር ደልድለው፣ የፈረሰኛ ጦር መለማመጃ አደረጉት። ፈረስ የሚዘልበት አግዳሚ እንጨት ተከሉ፤ ሰገነቱ ላይ መጠጥ ይሸጥ ነበር። ወንበሩ ለማገዶ ሄደ፤ በጥሩ እጅ የተቀረጸው የአንድ ዲያቆን መቀመጫ ደግሞ የአሳማ ማደሪያ ሆነ። ምእመናኑ ወደ ቤታቸው የተመለሱት በ1783 ነው።

ዛሬ ወንበሮቹ ተተክተዋል፤ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ በር ያላቸው ናቸው። አንዱን በር ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ እንጨቱ ይንቋቋል። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጣ በሹክሹክታ "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈረስ!" አለች። የሰሜኑ ቤተ ጸሎት የባሰ ነገር ገጥሞታል፤ በጃንዋሪ 1776 ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ተማገደ። (የእንግሊዝ ጦር መውጣቱን ለማሳወቅ ፋኖስ የተሰቀለበት ኦልድ ኖርዝ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ ዛሬም ቆሟል።) የግል ቤቶች፣ አጥሮች፣ የወደብ መድረኮች ተራ በተራ ወደ ምድጃ ገቡ። ትኩስ ሥጋና አትክልት ጠፋ፤ ጨው የበዛበት ሥጋ ቀረ። ፈንጣጣ ገባ።

ኦልድ ሳውዝን ሳልለቅ አንዲት ሴት ማንሣት አለብኝ። ፊሊስ ዊትሊ ከምዕራብ አፍሪካ ተነጥቃ በ1761 እዚች ከተማ የተሸጠችው የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ሳለች ነው፤ ስሟን እንኳ የሰጧት ካመጣት መርከብ ስም ነው። የተጠመቀችው ኦልድ ሳውዝ ነው። በ1773 ግጥሞቿ ለንደን ታትመው ወጡ። ከበባው ሲመጣ ከከተማዋ ወጥታ ፕሮቪደንስ ነበረች፤ ከዚያ ሆና በኦክቶበር 1775 ለዋሽንግተን ግጥም ጻፈችለት፤ እሱም በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1776፣ ቦስተን ላይ መድፍ ሊተኩስ ቀናት ሲቀሩት፣ ወደ ካምብሪጅ ብትመጣ እንደሚቀበላት ጻፈላት። ባሪያ የነበረች አፍሪካዊት፣ ባሪያዎች ለነበሩት ጄኔራል ስለ ነጻነት ግጥም ስትጽፍ! ይህንን ሁለት ጊዜ ደግሜ አሰብኩት።

የካቲት 25 (ማርች 4)

ካምብሪጅ። ብራትል መንገድ 105 ቁጥር ላይ ያለው ቢጫ ቤት በዚህ ወቅት ውስጡ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ግቢውን ዞረን አየን። ዋሽንግተን ከጁላይ 1775 እስከ ኤፕሪል 1776 ጦሩን የመራው ከዚህ ቤት ነው። ቤቱ የቫሳል ቤተሰብ ነበር፤ ሀብታቸው የመጣው ከጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻና እርሻውን ከሚሠሩት ባሪያዎች ነው። ለንጉሡ ያደሩ ስለነበሩ ሸሹ። ቶኒና ኩባ የሚባሉት ባልና ሚስት፣ የቤተሰቡ ባሪያዎች፣ ከነልጆቻቸው ቀሩ። ስለ ልጃቸው ዳርቢ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ፦ ዋሽንግተን ቤቱ ሲገባ ትንሹን ልጅ በሩ ላይ አግኝቶት ሥራ ሊሰጠው ሲል፣ ልጁ "ደሞዙ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀው ይባላል። ተረት ቢሆንም ባይሆንም፣ የአባቱ ነገር ግን በመዝገብ ያለ ነው። ቶኒ በ1781 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤት አለ፤ ቤተሰቡ ለዓመታት የለፋበት መሬት ተሸጦ ለእሱ ምንም አለመድረሱን ገለጸ። በዓመት 12 ፓውንድ ተቆረጠለት።

እዚሁ ቤት ሳለ ነው ዋሽንግተን የባሩዱን ጉዳይ የሰማው። 308 በርሜል አለ ተብሎ ተነግሮት ነበር፤ በኦገስት ሲቆጠር 36 ብቻ ሆነ። ለእያንዳንዱ ወታደር ዘጠኝ ተኩስ አይደርሰውም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ቃል ሳይወጣው ቀረ፤ ይህንን የጻፈው አብሮት የነበረው ጄኔራል ሱሊቫን ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ባሩድ የሌለው ጦር፣ ባሩድ ያለው መስሎ ከተማ ከቦ ተቀመጠ።

ከሰዓት ፎርት ዋሽንግተን የምትባለውን ትንሽ መናፈሻ ፈልገን አገኘን። ከከበባው የአፈር ምሽጎች በካምብሪጅ የተረፈችው እሷ ናት። አጥሯ የብረት ሲሆን ምሰሶዎቹ በመድፍ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ምሽጉ ሣር የበቀለበት ዝቅተኛ ጉብታ ሆኗል፤ የሰፈሩ ሰዎች ውሾቻቸውን እዚያ ለቀው ያጫውታሉ። ጫማዬን ጭቃ ያዘው። ጉብታው ላይ ቆሜ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ በኖቬምበር 1775 ይህንን አፈር አካፋ ይዞ የቆለለው ሰው ምን ለብሶ ነበር?

ቆፍሮ ከቆለለው ሰው መካከል ጥቁሮች ነበሩ። ጁን 17 ላይ በባንከር ሂል ጦርነት ሳለም ፖርና ፒተር ሳለም ተዋግተዋል፤ የሳለም ፖርን ጀግንነት የሚመሰክር ደብዳቤ መኮንኖች ፈርመው በዲሴምበር ለምክር ቤቱ አቅርበዋል። ያም ሆኖ በዚያው መከር ጥቁሮች እንደገና እንዳይመዘገቡ ታዘዘ። በዲሴምበር 30 ዋሽንግተን ሐሳቡን ለውጦ፣ ቀድሞ ያገለገሉ ነጻ ጥቁሮች እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ከበው የተቀመጡበትን ምክንያት በአፋቸው "ነጻነት" እያሉ፣ አብሯቸው በጭቃ የሚቆፍረውን ሰው መቀበል ያን ያህል ከበዳቸው።

ማታ፣ ልክ በቀኑ፣ ወደ ዶርቼስተር ሃይትስ ሄድን። ሳውዝ ቦስተን ውስጥ ያለ ኮረብታ ነው፤ አናቱ ላይ ነጭ የእብነ በረድ ማማ ቆሟል፤ ዙሪያውን መኖሪያ ቤቶች ከበውታል። አጥሩን ተከትለን ቀስ ብለን ዞርን። ከታች የወደቡ መብራት ይታያል።

መድፍ የሌለው ጦር መድፍ ያገኘው በሄንሪ ኖክስ ነው። ቦስተን ውስጥ መጽሐፍ ይሸጥ የነበረ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ካለው ከታይኮንደሮጋ ምሽግ 59 መድፍ ጭኖ፣ በረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ፣ በሬ እየጎተተው፣ 480 ኪሎ ሜትር ያህል አምጥቶ በጃንዋሪ መጨረሻ ደረሰ። 80 ጥማድ በሬ ነው ያዘዘው። ጥማድ በሬ ምን እንደሚጎትት የምናውቅ ሰዎች፣ በረዶ ላይ፣ ተራራ ላይ፣ በክረምት፣ ያንን ማሰብ እንችላለን። በመንገድ ላይ በረዶው ተሰብሮ መድፍ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ የአልባኒ ሰዎች ጎትተው አውጥተውታል።

ከዚያ ማርች 4 ሌሊት። መድፎቹ በሌላ አቅጣጫ ይጮኻሉ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው በጄኔራል ጆን ቶማስ መሪነት ወደዚህ ኮረብታ ይወጣል። መሬቱ ደንድኗል፤ አይቆፈርም። ስለዚህ ምሽጉን ሌላ ቦታ ሠርተውት ነው የመጡት፦ የእንጨት ክፈፍ፣ የታሰረ ጭራሮ፣ የተጠፈጠፈ ድርቆሽ፣ አፈር የሚሞላበት በርሜል፣ ሁሉም በበሬ ጋሪ ተጭኖ። ጋሪው የሚያልፍበትን መንገድ ጠላት እንዳያይ በድርቆሽ ክምር ጋረዱት። ማንም አይጮኽም። ጨረቃ ነበረች፤ ከታች ጭጋግ ነበር። በሬ ነጂዎቹ ሥራቸው ሲያልቅ ወርደው ደግሞ ጭነው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ጋሪ በሌሊቱ ደጋግሞ ተመላልሷል። ሲነጋ እንግሊዞች አንገታቸውን ቀና አድርገው ሁለት ምሽግ አዩ። መርከቦቻቸው ሁሉ ከበታቹ ነበሩ፤ የራሳቸው መድፍ ደግሞ እዚያ ድረስ አይወጣም።

"ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ዝም ማለት ቻሉ?" አለች የእህቴ ልጅ። ሁለታችንም ቆመን ዝም አልን። ነፋሱ ብቻ ይሰማ ነበር።

የካቲት 26 (ማርች 5)

ትናንት ስለ አመሸን አርፍደን ወጣን። ጌጅን የተካው የእንግሊዝ አዛዥ ጄኔራል ሃው በዚህ ቀን ኮረብታውን በጥቃት ሊይዝ ጦር በጀልባ አሳፍሮ ነበር፤ ሌሊት ከባድ ማዕበልና ዝናብ መጣና ተበተነ። ከዚያ በኋላ መውጣት ብቻ ቀረለት።

ኮፕስ ሂል መቃብር ስፍራ ገባን። ዳንኤል ማልኮም የሚባል ነጋዴ መቃብር አለ፤ በ1769 ሞቶ "በድንጋይ መቃብር፣ አሥር ጫማ ጥልቀት" እንዲቀበር የጠየቀ ሰው ነው። ድንጋዩ "የነጻነት እውነተኛ ልጅ" ይለዋል። የእንግሊዝ ወታደሮች ይህንን አንብበው ዒላማ አደረጉት። የጥይቱ ጠባሳ ክብ ክብ ሆኖ ዛሬም አለ፤ ጓንቴን አውልቄ ጣቴን ከተትኩበት። እዚሁ ግቢ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ጥቁሮች ተቀብረዋል፤ አብዛኞቹ ድንጋይ የላቸውም።

ከዚህ ኮረብታ ቻርልስታውን ፊት ለፊት ይታያል። በባንከር ሂል ቀን እንግሊዞች ከዚህ ሆነው ተኩሰው ከተማዋን አቃጠሏት። ኮረብታውን ያዙ፤ ነገር ግን ከሺህ በላይ ሰው ሞተባቸው፣ ቆሰለባቸው። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ ወደ ምሽግ እየሮጡ መውጣት ያስፈራቸው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የጆን አዳምስ ሚስት አቢጌል አዳምስ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆና ያንን እሳት አይታለች።

የካቲት 27 (ማርች 6)

የመመለሻ ቀን። ቁርስ ላይ ወደ መቀሌ ተመለስኩ፤ የእህቴ ልጅ ታሪኩን ከእናቷ እንጂ ከአያቴ አልሰማችም።

በ1888 ዓ.ም. ጥር ላይ ምኒልክ እንዳየሱስን የያዙትን ጣሊያኖች አላረዷቸውም። በጥም ሊያልቁ ሲሉ፣ የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖና ጦሩ መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ለቀቋቸው፤ ጓዛቸውን የሚጭኑበት በቅሎም አገኙ። ያ ጦር ሄዶ ከጣሊያኑ ዋና አዛዥ ከባራቲዬሪ ጋር ተቀላቅሎ ዓድዋ ላይ ተዋጋ፤ ጋሊያኖም እዚያ ሞተ። ቦስተንም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ማርች 8 ላይ የከተማዋ ሽማግሌዎች፣ ሃው ሳይተኮስበት ከወጣ ከተማዋን እንደማያቃጥል የሚገልጽ ደብዳቤ አወጡ። ዋሽንግተን ለደብዳቤው መልስ አልሰጠም፤ ሲወጡ ግን መድፍ አልተኮሰባቸውም። 120 ያህል መርከብ፣ ወደ 9,000 ወታደርና ከሺህ በላይ ለንጉሡ ያደረ ሰው ጭኖ ማርች 17 ወጣ። ያ ጦር በበጋው ኒው ዮርክ ላይ ተመልሶ መጣና ዋሽንግተንን ክፉኛ መታው።

"ታዲያ መልቀቁ ስህተት ነበር?" አለችኝ።

እኔ አይመስለኝም። ውስጥ ሕዝብ ነበረ። ከኖቬምበር ጀምሮ እንግሊዞች ሦስት መቶ የሚሆኑ ድሆችንና በሽተኞችን በጀልባ አውጥተው ዳርቻ ላይ ጥለዋቸው ነበር፤ ዋሽንግተን ደግሞ ፈንጣጣው ወደ ጦሩ እንዳይገባ ፈርቶ ወደ ሰፈሩ አላስጠጋቸውም። ከሁለቱም ወገን በር የተዘጋበት ሰው ያ ነው። በዚያች ሰዓት አንዲት ችቦ ቀርታ አንድ ቤት ብትተርፍ ለእነሱ ነው የተረፈችው። ምኒልክም ምናልባት በቅሎዎቹ ምን እንደጠጡ አስበው ይሆናል፤ አያቴ ቢኖር ይህንን እነግረው ነበር።

ከኑቢያን ስኩዌር አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ በዋሽንግተን ጎዳና ቀጥ ብሎ ሳውዝ ስቴሽን ይወስዳል። የእህቴ ልጅ ከውጭ እጇን እያወዛወዘች ቀረች። ማርች 17 ቀን በዚሁ መንገድ፣ ከሮክስበሪ ተነሥተው ወደ ከተማዋ መጀመሪያ የገቡት ወታደሮች ተመርጠው ነበር፤ ፈንጣጣ ታመው የዳኑ ብቻ እንዲገቡ ታዞ ነበርና። ኢስት በርክሊ ስንደርስ መስኮቱን በእጄ ጠረግሁ። ፊታቸው የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ሰዎች፣ መንገዱ ላይ የተበተነውን ሹል ብረት እየረገጡ ላለመወጋት መሬት መሬት እያዩ፣ የተዘጋውን በር ከፍተው ገቡ።